ዶርሙን ስትለቁ ልማዳችሁም ይላላል



ውድ ተመራቂዎች፣ የምነግራችሁ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ስለሚገጥማችሁ ጉዳይ ነው። እዚህ ያደረሳችሁ ጽናታችሁ ብቻ አይደለም። የላይብረሪው ወንበር፣ የካፌው ሰዓት፣ ሌሊቱን አብሯችሁ ሲቸክል ያደረ የዶርም ጓደኛ፣ እነዚህ ሁሉ እየጎተቱ አስጠንተዋችኋል። አንድን ነገር በአንድ ቦታና ሰዓት ደጋግመን ስንሠራ አእምሯችን ሥራውን ከቦታው ጋር ያያይዘዋል። ውሎ ሲያድር ቦታው ራሱ ያስጀምረናል። መጥፎውም ልማድ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ገና ጋደም ስንል ስልክ ፍለጋ የሚሄደው እጃችን ምስክር ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ዌንዲ ውድ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩ ተማሪዎችን ተከታትለዋል። ስፖርት መሥራት ወይም ጋዜጣ ማንበብ የለመዱት፣ አዲሱ ሁኔታ ከቀድሞው ሲመሳሰል ልማዳቸው ቀጠለ። ሁኔታው ሲለወጥ ግን ልማዱ ኃይሉን አጣ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያደርጉትን የወሰነው ሐሳባቸው ሆነ።

እናንተም ነገ ዶርሙን ትለቃላችሁ። ሥራ እስኪገኝ ቤተሰብ ቤት የምትቆዩባቸው ወራት ብዙዎቻችሁን እንደሚያስፈሩ አውቃለሁ። ማንበብ አልሆን ሲላችሁ «ሰነፍ ሆንኩ» ብላችሁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። በእኔ እምነት ሰውን በጠባዩ መውቀስ አብዝተናል፤ ማንበብ ያቃታችሁ የሚጎትታችሁ ወንበር ስለጠፋ ነው። አሮጌው ልማድ ላልቶ አዲሱ ያልጸናበት ይህ ጊዜ ደግሞ መልካም አጋጣሚ ቢሆንም ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ጥቂት ቀን ራሳችሁን ታዘቡ፤ የት ቁጭ ስትሉ፣ ከማን ጋር ስትሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደምትዘናጉ አስተውሉ። ከዚያ ልማድ ልታደርጉት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፤ ቦታና ሰዓትም ቁረጡለት።

አዲሱ ልማድ እስኪጸና ግን ታገሡ። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አዲስ ተግባር ልማድ እስኪሆን ይወስዳል ብለው ያሰሉት ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለል ግን ያን ያህል አልጎዳም። ጊዜው ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከጓደኛ ጋር መፎካከሩን ተዉት።

እናቶችና አባቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ቤት ሲገባ፣ ስለ ሥራ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ማንም የማይነካበት አንድ ወንበርና አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ስጡት።