በሽታው አንድ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት



በሽታ የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም፤ በሽታን የሚከላከል ድርጅት ግን የሥልጣን ወሰን አለው። ለዚህ የአፍሪካ ቀንድ ምስክር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል መሠረት ኢትዮጵያና ኬንያ መቀመጫው ብራዛቪል በሆነው የአፍሪካ ጽሕፈት ቤት ሥር ሲሆኑ፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲና ሱዳን በካይሮው የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጽሕፈት ቤት ሥር ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. በሶማሊያ የተነሣው የልጅነት ልምሻ ወደ ኬንያና ወደ ኢትዮጵያ በተሻገረ ጊዜ፣ አንዱ ወረርሽኝ ለሁለት ጽሕፈት ቤቶች ተከፈለ። አርብቶ አደሩ ከብቱን ነድቶ ወሰን ሲያልፍ የሕፃኑ ክትባት የሚመለከተው አካል ይለወጣል። ስለዚህም የክትባቱ ዘመቻ በወሰኑ ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ካልተካሄደ በስተቀር፣ በአንዱ ወገን የተዘጋው በር በሌላው ወገን እንደ ተከፈተ ይቀራል።

በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የአፍሪካ ኅብረትን አባል አገሮች በሙሉ ስለሚያቅፍ ይህን ክፍተት ለመድፈን ይችላል። በኦገስት 13 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ማዕከሉ ስለ ኤምፖክስ አህጉራዊ የአስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በማግሥቱ ዓለም አቀፍ አዋጅ አስከተለ። የአዋጆች መቀራረብ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በጠረፍ ጤና ጣቢያ ለሚሠራው ባለሙያ የሚበጀው አንድ የሪፖርት ቅጽ፣ አንድ የዘመቻ ቀንና አንድ ተጠያቂ ኃላፊ ነው። የቅንጅት ሚዛኑም ይኸው ነው።