ከዓሣው በፊት የሚመረመረው ውሃ



በምዕራብ ጎጃም ለሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ዓሣ እንግዳ ሕመምተኛ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ወደ ክሊኒክ የሚቀርበው በአብዛኛው በሬ፣ በግ ወይም በቅሎ በመሆኑ፣ አንድ ሰው በመስተዋት ገንዳ ያኖራቸው ዓሦች እንዳለቁበት ሲናገር የባለሙያው እጅ በልማድ ወደ መድኃኒቱ ሣጥን ይዘረጋል። ነገር ግን በሬ ከበረቱ ወጥቶ ይሰማራል፤ ዓሣ የሚተነፍሰውም፣ የሚመገበውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው ውሃው ነው።

ዓሣ የሰውነቱን ቆሻሻ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል፤ ተርፎ የሚበሰብስ ምግብም ይህንኑ ይጨምራል። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀለለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ በበቂ ለመራባት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። ገንዳ በገዛ በማግሥቱ ዓሣ የሚሞላበት ሰው ኪሳራው የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የአሞኒያው መርዛማነት ከውሃው ፒኤች ጋር ይጨምራል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል 10 እጥፍ ያህል ያድጋል። ናይትራይት ደግሞ ደም ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢን ኦክስጂን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ ስንጥቡ ቡናማ ሆኖ የተገኘ ዓሣ በዚህ ሊጠረጠር ይገባል። ጥቂት ጨው መጨመር፣ ክሎራይዱ የናይትራይቱን መግቢያ ስለሚሻማ፣ ይረዳል፤ ውሃ መለወጥን ግን አይተካም።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጂን ሲይዝ፣ በዚህ ከፍታ የሚይዘው ከ6 ተኩል ብዙም አይበልጥም። በውጭ አገር መጻሕፍት የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መቀበል እንግዲህ ስሕተት ነው፤ ቁጥሩን መቀነስ ይሻላል። አምባዛ ከውሃው በላይ ያለውንም አየር ለመተንፈስ የሚያስችል አካል ስላለው ይታገሣል፤ ቆሮሶና ሌሎቹ ግን ማለዳ ላይ አፋቸውን ወደ ውሃው ገጽ አውጥተው ሲያለከልኩ ይታያሉ። መብራት ሲጠፋ የአየር መንፊያው ይቆማልና መመገብ ማቆም፣ ውሃውንም በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ያስፈልጋል። አድካሚ ቢሆንም ዓሦቹን ለሰዓታት ያቆያል።

ስለ ጽዳት በሰፊው የሚታየው ጥፋት ከስንፍና ይልቅ ከመጠን ያለፈ ትጋት የሚመጣ ነው። ባለቤቱ ገንዳውን አራግፎ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ፣ ሁሉንም አሳምሮ ይመልሳል፤ በክሎሪኑም ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50፣ የውሃው ጥልቀት 40 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ከዚህ በየሳምንቱ ሩቡን፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ብቻ፣ ከሥሩ ቆሻሻውን እየሳቡ መለወጥ ይበቃል። ስፖንጁ በዚያው በወጣው ውሃ ይታለባል። የቧንቧ ውሃ አፉ በሰፋ ዕቃ ለአንድ ቀን ሲቀመጥ ክሎሪኑ ይተናል፤ የጉድጓድ ውሃም ኦክስጂኑ አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መናፈስ አለበት። ሳሙና ከገንዳው ይራቅ። ምግቡም በጥቂት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን፤ የዳቦ ፍርፋሪ መበተን ለልጆች ጨዋታ ቢሆንም ለዓሣው መርዝ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ፣ የከብት ቴርሞሜትር ዝቅተኛውን ስለማያነብ የውሃ ቴርሞሜትር መግዛት ግድ ነው። ቆሮሶ ደኅና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፣ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ይተዋል። በቡሬ የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ይህን ማስታወስ ይገባል። ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስም በቅዝቃዜ ዑደቱ ይረዝማል። መድኃኒት የሚገድለው በውሃው ውስጥ ሲዋኝ እንጂ በቆዳው ሥር ሳለ ስላልሆነ፣ በሞቀ ውሃ በቀናት የሚያልቀው ሕክምና በቀዘቀዘ ውሃ ሳምንታት ይወስዳል። አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው ከንቱ ነው። አዲስ የመጣ ዓሣ ከነባሮቹ ሳይቀላቀል ለብቻው ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ወቅት ደግሞ ከዚያ በላይ መቆየቱም ስለዚሁ ነው።

ባለቤቱ የሰለቸውን ዓሣ ወደ ወንዝ የመልቀቅ ፈቃድ የለውም፤ ሐኪሙም ይህን በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ብርና ፈጣም ወደ ዓባይ የሚገቡ ወንዞች ናቸው። የጣና ሐይቅ ዓሦች በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ተፋሰስ ተለይተው የኖሩ በመሆናቸው በሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሉባቸው፤ ከገበያ የመጣ ጌጠኛ ዓሣና አብሮት የሚመጣው በሽታ ግን ፏፏቴውን በሰው እጅ፣ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ሊሻገር ይችላል። ያልተፈለገው ዓሣ ለሌላ አርቢ ይሰጥ፤ ከገንዳው የወጣውም ውሃ መድኃኒትና ጨው ያልገባበት ከሆነ ለጓሮ ጎመን ይፍሰስ።