ሥሩና አፈሩ፦ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለምዕራብ ጎጃም ምን አስገኘ?

የተሰጠኝ ርእስ «በየመስኩ የተገኙ የቅርብ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ግኝቶች» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ከጊዜዬ አብዛኛውን ግን ለአንድ ነገር፣ ለአፈር፣ አውለዋለሁ። በሌላ አገር የተገኘ እውነት በምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ላይ እስካልተለካ ድረስ ለዚህ አካባቢ ገበሬ ገና ግማሽ እውቀት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ከአፈር ጉዳይ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የአፈሩ ችግር አሲዳማነት ነው። የክረምቱ ዝናብ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከማሳው እያጠበ ወስዷል። አገዳውና ገለባው ለከብትና ለማገዶ ስለሚሄድ ከእርሻው የወጣው አይመለስም፤ ዩሪያና ዳፕ የተባሉት ማዳበሪያዎችም በአፈር ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይጨምራሉ። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት እንደተጠቃ ይገመታል፤ ዝናብ የማያጣው ምዕራብ ጎጃምም ከተጎጂዎቹ መካከል ነው። የአሲድ መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ማዕድን ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመታል፤ ሥሩ አጥሮና ተኮማትሮ ይቀራል፤ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች መዝለቅም ያቅተዋል። ፎስፈረሱ ደግሞ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። «ማዳበሪያ እስካለ ድረስ ምርት ይገኛል» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው፦ ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ፎስፈረስ እንዲህ ያለው አፈር ቀድሞ ይይዝበታል፤ ለሰብሉ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ ልውረድ። እ.ኤ.አ. በ2004 የጃፓኑ ኦካያማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአውስትራሊያ ባልደረቦቻቸው ጋር አንዳንድ የስንዴ ዝርያዎች አሉሚኒየምን የሚቋቋሙበትን ዘረመል ለይተው አሳወቁ። ይህ ዘረመል ያለው ስንዴ አሉሚኒየም ሲነካው ከሥሩ ጫፍ ማሊክ አሲድ ያፈሳል፤ የፈሰሰው አሲድ አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳት እንዳያደርስ ያደርገዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲና የብራዚል የግብርና ምርምር ድርጅት በማሽላ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ማሽላ የሚያፈሰው ሲትሪክ አሲድ ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙበት ሥራ ከሥር የሚወጣ ፈሳሽን ይመለከታል። አቀንጭራ የተባለችው ጥገኛ አረም የምትበቅለው የማሽላ ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ስታገኝ ነው፤ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል እምብዛም የማይለቁ ዝርያዎችን ለዩ። እንግዲህ ሥር ዝም ብሎ የሚጠጣ ቱቦ አይደለም፤ የሚያፈሰው ነገር ለአንዱ ጋሻ፣ ለሌላው ጥሪ ይሆናል። «ይህ የቤተ ሙከራ ነገር ለቡሬ ገበሬ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። የሚፈይደው ዝርያ አዳቃዩ የሚፈልገውን ባሕርይ በዘረመሉ ለይቶ ማወቅ ሲችል ነው፤ ያኔ ዝርያ መምረጥ ከግምት ይወጣል። ዝርያው ግን መጨረሻ የሚፈተነው በራሳችን ማሳ ላይ ነው።

በራስ አካባቢ ቀርቦ ማየት ምን እንደሚያስገኝ ለማሳየት ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ በወንዝ ዳር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያዛምት ነውና ርካሽ መከላከያ በደጃችን እንዳለ ታወቀ። እንዶድ በውጭው ዓለም ተቀባይነት ለማግኘት ግን ብዙ ዓመታት የፈጀ ክርክርና ምርመራ ጠይቋል። እናንተ ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ፤ ግኝቱ የጀመረው ወንዙን ቀርቦ ከማየት ነው።

ወደ አፈሩ ስመለስ፣ አሲዱ የሚታከመው በኖራ ነው ስል ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይጠብቁኛል። አንዱ የኖራ ዋጋ ነው። አንድን ሄክታር ለማከም 20፣ 30 ኩንታልና ከዚያም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል፤ መጓጓዣው ይከብዳል፤ አሲዱም ከዓመታት በኋላ ይመለሳል። እውነት ነው። ሆኖም የኖራ ድንጋዩ በዓባይ ሸለቆ፣ በደጀን በኩል፣ ሞልቷል፤ በመስመር አነስ አድርጎ መጨመር፣ ኮምፖስትና አሲድ የሚችሉ ዝርያዎችም ሸክሙን ያቀላሉ። ሁለተኛው ተቃውሞ «ዛፍ ይሻላል» የሚለው ነው። በጎረቤታችን አዊ፣ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር ዘርቶ፣ ዛፉ ሲደርስ ከሰል እያከሰለ ገቢውን አሳድጓል። ብልህ መፍትሔ ነበር፤ ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የገባው የዋግ በሽታ ዛፉን ክፉኛ መትቶታል። በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ ያለውን አደጋ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

የአፈሩ ጉዳይ ከጎተራ አልፎ ገበታ ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአዲስ አበባና የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማላዊ ባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ንጥረ ነገር እንደበቀለበት ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል። የሁለት አካባቢ ጤፍ በዓይን አንድ ቢመስልም በሰሌኒየም ይዘቱ ሊራራቅ ይችላል። ሰሌኒየም ደግሞ ለእንቅርት እጢ ሥራ ከአዮዲን ጋር የሚያስፈልግ ነው። አሲዳማ አፈር ሰሌኒየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ኖራ ሲጨመር ይለቀዋል። ነገር ግን ያው ኖራ ከልክ ሲያልፍ ዚንክን ከሰብሉ ያርቃል፤ ዚንክም ለልጆች እድገት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሁሉም ወረዳ አንድ ልክ ማዘዝ አንዱን ጉድለት ሞልቶ ሌላውን ሊከፍት ይችላል። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በማዳበሪያዋ ውስጥ ሰሌኒየም እየጨመረች የሕዝቧን ጉድለት ያቃለለችው አፈሯን፣ እህሏንና የሰዎቿን ደም እየለካች ነው።

ጊዜዬ ስለተገባደደ የርእሱን ቀሪ በአጭሩ ልለፈው። በበርን ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ዘሪሁን ታደለ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የጤፍን የዘረመል ቅደም ተከተል ረቂቅ አሳትሟል። ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ያገኟት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ የሕፃን ቅሪተ አካል ሰላም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም ከታወቀች ወዲህ ስለ ልጅነት ዘመን መራዘም ብዙ አስተምራለች። በሕክምናና በምሕንድስና ያሉትን ለሌሎች ተናጋሪዎች እተዋለሁ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቡሬ ካምፓስና የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ቀበሌዎቹን ተከፋፍለው፣ በግብርና የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ በመመረቂያ ሥራው የአንዲት ቀበሌ አፈርና እህል ይለካ። ፒኤቹ፣ የኖራው መጠን፣ የሰሌኒየሙና የዚንኩ ይዘት በአማርኛ ተጽፎ በቀበሌው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ይለጠፍ። ያን ጊዜ «ዩኒቨርሲቲው ምን አገኘ?» የሚለውን ጥያቄ ገበሬው በገዛ ማሳው አስልቶ ይመልሰዋል።