ሽታው ስለ ጠፋ ውሃው ነጽቷል ማለት ነወይ?

(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ነው። ደቻቱማ ያስፈራራናል እንጂ መቼ አጠጣን? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ያደረሰብንንም ማን ይረሳል። ያኖሩን እነ ሳቢያን ጉድጓዶች ናቸው። ስለሆነም ቤንዚን ሲፈስ «አሸዋው ይጠጣዋል» ብሎ ማለፍ አይገባም። አሸዋው የጠጣውን መልሰን የምንጠጣው እኛው ነንና።

በቤንዚን ውስጥ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ጠባያቸው ይለያያል። ኤምቲቢኢ የሚባለው በውሃ ቶሎ ይሟሟል፣ ሩቅ ይጓዛል፣ ለመበስበስም ይዘገያል። የአሜሪካዋ ሳንታ ሞኒካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1996 ጉድጓዶቿን ዘግታ ግማሽ ያህል ውሃዋን ያጣችው በዚሁ ኬሚካል ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቤንዚን ላይ 5 በመቶ ተቀላቅሎ የተሸጠውን ኤታኖል ግን የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ቶሎ ይበሉታል። እሰይ እንዳትሉ! እሱን ሲበሉ ኦክሲጅኑን ይጨርሱታል፤ ካንሰር የሚያመጣው ቤንዝን የተባለው የነዳጁ ክፍልም ሳይበሰብስ ርቆ ይሄዳል።

«ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች» የሚሉንን ተሳስታችኋል አንልም። ታጸዳለች፤ ነገር ግን መለካት አለበት። ሽታው የጠፋው በዝናብ ቀጥኖ፣ ወይም ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ተሻግሮ ቢሆንስ? ስለዚህ ነዳጁ ከፈሰሰበት ቦታ በላይ፣ እዚያው ቦታ ላይና ከዚያም በታች ካሉ ጉድጓዶች፣ በበጋም በክረምትም፣ ለዓመታት ናሙና ይወሰዳል። ኬሚካሉ ከመቀነሱ ጋር ኦክሲጅንና ናይትሬት ካነሱ፣ የሟሟ ብረትም ከበዛ፣ ተሕዋስያኑ ሥራ ላይ ናቸው ይባላል። ኤምቲቢኢ ሲበሰብስ የሚተካው ቲቢኤም አብሮ መለካት አለበት፤ እሱም ቢሆን በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከመጸዳጃ ጉድጓዶቻችን የሚሰርገው ቆሻሻ በከርሰ ምድር ውሃችን ናይትሬትን እንደሚያበዛ፣ ይህም በጥናት እንደ ታወቀ፣ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ያው የሽንት ቤት ፍሳሽ ኦክሲጅንም ይበላል። እንግዲህ በላይ በኩል ያለው ጉድጓድ ካልተለካ፣ የታችኛው ብቻውን ያታልለናል።

ቧንቧ በጠፋ ጊዜ ወደ ግቢ ጉድጓድ የምትሮጡ እናቶች ሆይ፣ ነዳጅ የነካውን ውሃ አፍልቶ መጠጣት መፍትሔ አይሆንም። ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው፤ የቤንዝኑ ትነት ማጀት ውስጥ ይቀርና ትተነፍሱታላችሁ።

የግቢ ጉድጓድ ያላችሁ ሁሉ ጥልቀቱንና የተቆፈረበትን ዓመት ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ለሚለካው ባለሙያ የምናስረክበው ይህንኑ ዝርዝር ነው። ባለጋራዦችም የተቃጠለ ዘይትና የዕቃ ማጠቢያ ቤንዚን በአሸዋው ላይ መድፋት ይብቃችሁ፤ በበርሜል አጠራቅሙት።