በር ላይ የሚሸጥ ጥበቃ

አንደኛው አቅራቢ፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞ ወይም በለቡ፣ አንድ የደህንነት ካሜራ ሻጭ የግቢ በር አንኳኩቶ፣ የሰፈሩን ሌብነት እያነሳ «ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል» በማለት ቀብድ፣ ማለትም ለውሉ ማሰሪያ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ፣ ቢጠይቅ የነዋሪው መብት ምንድን ነው?

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ዕቃውን ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ካሜራው ከካርቶኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ እንኳ «አልፈልግም» ማለት ነውር አይደለም።

አንደኛው አቅራቢ፦ ሆኖም ብቻቸውን የሚውሉ አረጋውያን፣ እንግዳን ከደጅ መመለስ ስለሚከብዳቸው፣ በይሉኝታ ውሉን ሊፈርሙ ይችላሉ።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ሻጩ የንግድ ፈቃዱን ለማሳየት ካመነታ ወይም ቤተሰብ እስኪመክር ካልታገሠ፣ ገብቶ የመስኮቱን ብረትና የውሻውን ማሰሪያ ሳይቀር ለሌብነት አጥንቶ እንዳይወጣ፣ በሩ ሳይከፈት መሸኘት አለበት።