ሁለተኛ ትዳር ነውር አይደለም
(በአማርኛው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይወራ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ እንዲሁም ሚስቱ የሞተችበት ወይም የተፋታ ወንድ፣ ልጆች ካደጉ በኋላ እንደገና ቢያገቡ ምን ይባላል? ብዙ ሰው «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ብቻውን ይኖራል። አንዳንዱም በተቃራኒው ብቸኝነቱን ስለፈራ ብቻ ቸኩሎ ይገባና ይጸጸታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ! በሁለቱም በኩል የሚደርሰውን ጉዳት ስለማይ ነው ይህን ርእስ የመረጥሁት።

በመጀመሪያ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ የተላክሁበትን አንድ ጉዳይ ላጫውታችሁ። ባለጉዳዮቹ እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

አንዲት እህታችን ጎንደር ላይ ሆነው የጉዞ ተራ ሲጠብቁ ባሏ ታሞ ሞተባት። ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ከመርካዝ ክሊታ ወጥታ እዚሁ አሽቀሎን ቤት ተከራየች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነበር። ሰውየው ደግሞ በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡት አንዱ ናቸው። ብዙ ዓመት በጥበቃ ሥራ ኖረዋል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል።

የተገናኙት በስግድ ቀን ነው። እንደምታውቁት ስግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ኽሽቫን 29 የሚውል በዓላችን ነው፤ ከ2008 ጀምሮ በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል። ያን ዕለት ማለዳ ከአሽቀሎን ወደ ኢየሩሳሌም በሚሄደው አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ ከጾሙ በኋላ የሚበላውን ዳቦ በመሶብ ይዛ ነበር፤ መሶቡን ተቀበሏት። ከዚያ እንደ አገራችን ወግ ጥያቄው ተጀመረ።

«እህቴ፣ የየት አገር ሰው ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«የአለፋ ልጅ ነኝ፣ አያ። እርስዎስ?»

«እኔ የአምቦበር ሰው ነኝ።»

እስከ ኢየሩሳሌም ድረስ የእናትና የአባት ዘር ሲቆጥሩ ሄዱ። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም። ያን ጊዜ ለጨዋታ ነበር፤ በኋላ ግን ጠቀመ።

ከዚያ ወዲህ የማዘጋጃ ቤቱ የአርኖና ደብዳቤ ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣባት ታሳያቸዋለች፤ እሳቸው ያነቡላታል። እሷም ለሰንበት ዳቦ ስትጋግር አንዱን ለይታ ትልክላቸዋለች። ነገሩ በዚሁ ረጋ ብሎ ቆየ። በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ መጥቶ አሽቀሎን ላይ ሮኬት ሲዘንብ ግን ሁለቱም አንድ ነገር አስተዋሉ። የአደጋ ጥሪው ጮኾ ካቆመ በኋላ እሷ መጀመሪያ የምትደውለው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸውም መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው። «ሚክላት ገባችሁ? ልጆቹ አሉ?» በዚያ መከራ ውስጥ ሰው ማንን እንደሚያስብ ራሱን ያውቃል።

ጦርነቱ ትንሽ ጋብ ሲል ሽማግሌ ላኩ። እዚህ ላይ ነው ጭንቁ የመጣው። ትልቁ ልጇ ወታደር ነው፤ ለእረፍት ሲመጣ ነገሩን ሰማና «እማዬ፣ አባታችንን ረሳሽው ማለት ነው?» አላት። እሷም «ልጄ ካዘነ ይቅርብኝ» ብላ እምቢታዋን ላከች። በእሳቸውም በኩል ትልቋ ልጃቸው «የእናታችን ቤት ለሌላ ሰው ሊሆን ነው» ብላ አኮረፈች።

እኛ ሽማግሌዎች ከሁለቱ ወላጆች በፊት ልጆቹን አነጋገርን፤ ለየብቻ፣ ሳንቆጣ። ልጆቹ ክፉዎች አልነበሩም። ልጁ የፈራው የአባቱ ስም ከቤት እንዳይጠፋ ነው። ልጅቷ የፈራችው እናትና አባቷ ብዙ ዓመት ለማሽካንታ የከፈሉበት ቤት እንዳይሄድ ነው። ሁለቱም ፍርሃት መልስ ነበረው። ሰውየው ራሳቸው «የልጆቹ አባት ፎቶግራፍ ከግድግዳው አይነሣ። ተዝካሩንም በየዓመቱ አብረን እናወጣለን፤ የእኔም ባለቤት መታሰቢያ እንደዚሁ ይሁን» አሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ተነሥቶም ጉልበታቸውን ሳመ። ስለ ቤቱ ደግሞ በወረቀት ስምምነት ተደረገ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሠርጉ የሆነው ከሻቩኦት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ትልቅ አዳራሽ አልተያዘም፤ ጎረቤት እንጀራውን ተካፍሎ ጋገረ፣ የሠፈር ልጆች ወንበር ተሸከሙ። ሙሽራዋ «በዚህ ዕድሜዬ ነጭ ለብሼ ሰው ይስቅብኛል» ብላ ነበር፤ ጎረቤቷ የራሷን አዲስ ጥልፍ ቀሚስ አውጥታ አለበሰቻት። ያ ወታደር ልጅ እናቱን እጇን ይዞ አስገባት። ከዚያ እስክስታው ቀለጠ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ያለቀሰ ግን ነበር።

አድማጮቼ፣ ይህ ታሪክ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከእኛው ኦሪት ውስጥ ያለ ነው። አባቶቻችን በኢትዮጵያ ያቆዩልን ኦሪት አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትንም ይጨምራል። የሩት መጽሐፍ እዚህ አገር በብዙ ቤተ ክኔሴት የሚነበበው በሻቩኦት ነው፤ ነገሩ የሆነው በአጨዳ ወራት ነውና። አባቶቻችንም ይህን በዓል ማእረር ብለው ነበር የሚጠሩት፤ መከር ማለት ነው። ሰባቱን ሳምንት ከፋሲካ በዓል ፍጻሜ ጀምረው ስለሚቆጥሩ የሚያከብሩት በሲዋን 12 ነበር፤ እዚህ አገር በሲዋን 6 ይውላል።

ሩት ማን ነበረች? ከሞአብ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ በባዕድ አገር በችግር የገባች ሴት ናት። እንደ ዛሬ ቃል ብንናገር አዲስ ገቢ ነበረች። ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ቤተልሔም ስትደርስ የምትበላው አልነበራትም፤ ከአጫጆች ኋላ እየተከተለች የወደቀውን ዘለላ ትለቅም ነበር። ኦሪት የእርሻው ዳርና የተረሳው ነዶ ለመጻተኛ፣ ለሙት ልጅና ለመበለት ይተው ብሎ ያዛልና። በዚያ እርሻ ቦዔዝን አገኘች። ቦዔዝ ወጣት አልነበረም፤ የተከበረ፣ ደግ ሰው ነበር።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቦዔዝ ምን እንዳደረገ ነው። ሩትን ወዶ ሳለ በስውር አልወሰዳትም። በዘመድነት ከእሱ የሚቀድም ሌላ ሰው ስለነበረ በማግሥቱ ወደ ከተማው በር ወጣ፤ ዐሥር ሽማግሌዎች አስቀመጠ፤ የርስቱንም የትዳሩንም ነገር በአደባባይ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አገባት። ከእነሱ ኢዮቤድ ተወለደ፤ ኢዮቤድም የንጉሥ ዳዊት አያት ሆነ። ከሁለተኛ ትዳር ንጉሥ ወጣ ማለት ነው!

የከተማ በር ምን እንደሚመስል ለልጆቻችሁ ማሳየት ብትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በጭቃ ጡብ የተሠራ ቅስት ያለው የከነዓናውያን በር አለ፤ ዕድሜው ወደ 3,800 ዓመት ገደማ ነው። በጥንት ዘመን ሽማግሌዎች የሚቀመጡት እንዲህ ባለ በር አጠገብ ነበር። እዚህ ከተማ አንድ ሠፈር በሺምሾን፣ አንድ የባሕር ዳርቻም በደሊላ ስም ይጠራል። ሶምሶን በዓይኑ አይቶ ቸኮለ፤ ቦዔዝ ግን በሥርዓት ሄደ። የሁለቱም መጨረሻ በኦሪታችን ተጽፏል።

በአገራችን በኢትዮጵያም እንዲሁ ነበር። የመጀመሪያውን ትዳር ወላጆች ያጩ ነበር፤ ልጅቷ ብዙ ጊዜ ሙሽራውን ሳታየው ትዳር ትገባለች። ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ የሆነውን ቀሸራ የሚያስርበት ትልቅ ሥርዓት ለዚያ ነበር። ሁለተኛው ትዳር ድግሱ ያንስ ነበር፤ ነገር ግን ሴቲቱም ወንዱም ራሳቸው አስበው ወደው የሚገቡበት እሱ ነበር። ስለዚህ «እንዲህ ያለውን ያመጣው እስራኤል ነው» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም።

አሁን አዲስ ለገባችሁ ማወቅ የሚገባችሁን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የቀድሞው ትዳር በትክክል መዘጋቱን አረጋግጡ። በአገራችን ሽማግሌ አስማምቶ ከተለያዩ በቃ ነበር። እዚህ ግን አይሁዳውያን የሚጋቡት በራባኑት በኩል ስለሆነ የተፋታ ሰው የጌት ወረቀት፣ ባል ወይም ሚስት የሞተበትም የሞቱን ማስረጃ ይጠየቃል። በሱዳን መንገድ ወይም በሌላ ቦታ ሞቶ ወረቀት ለሌለው ሰው፣ ሞቱን የሚያውቁ ምስክሮች በራባኑት ፍርድ ቤት ፊት ይሰማሉ። በሱዳን በኩል ስንመጣ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን እንደሞቱ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ይህ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። አንዱ ትዳር ሳይፈርስ ሌላ ማግባት በእስራኤል ሕግ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፣ ሴት ከፍቺ ወይም ከባሏ ሞት በኋላ ዘጠና ቀን መጠበቅ አለባት። ኮሄን የሆነ ሰውም የተፋታች ሴት ማግባት አይፈቀድለትም። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ከሠርግ ዋዜማ ኀዘን ያድናል።

ሦስተኛ፣ የንብረት ነገር በግልጽ ይነገር። በ1965 በወጣው የውርስ ሕግ መሠረት ኑዛዜ ከሌለና ሟቹ ልጆች ካሉት፣ ባል ወይም ሚስት የውርሱን ግማሽ፣ ልጆች ግማሹን ይወስዳሉ። ልጆች የሚፈሩት ይህን ነው። መፍትሔው ኑዛዜ መጻፍና ሄስኬም ማሞን የሚባለውን የንብረት ስምምነት ማድረግ ነው። ስምምነቱ ከሠርጉ በፊት ከሆነ ኖታሪዮን ሊያጸድቀው ይችላል፤ ከሠርጉ በኋላ ከሆነ ግን ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ያ ቤተሰብ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የልጅቷም ኩርፊያ በአንድ ሳምንት አለቀ።

አራተኛ፣ ከብቱዋህ ሌኡሚ የሟች ቤተሰብ ጡረታ የምትቀበል ሴት ስታገባ ወርኃዊው ገንዘብ ይቆማል፤ በምትኩ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ይሰጣታል። ከመወሰናችሁ በፊት ቢሮው ሄዳችሁ ስለ ራሳችሁ ሁኔታ ጠይቁ። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ያግባ ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ትዳሩ ዱላና ስድብ ያየ ሰው ሰላሙን ማስቀደም መብቱ ነው፤ በችግርም ሆነ በዘመድ ግፊት ወደ ትዳር መገፋት የለበትም። በዚያው በሩት መጽሐፍ ኑኃሚን አላገባችም። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ባዶ እጄን ተመለስሁ ያለች ሴት ናት። መጨረሻ ላይ ግን የሩትን ሕፃን አቅፋ አሳደገች፤ ጎረቤቶቿም ደስ አላቸው። ደስታ ለሩት በአንድ በር ገባ፤ ለኑኃሚን በሌላ በር።

እናንተ ልጆች፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ሽማግሌ ሊልኩ ሲያስቡ የምትፈሩትን በግልጽ ንገሯቸው፤ በኩርፊያ ግን አትዝጉባቸው። እናንተ ቀን ሥራና ትምህርት ቤት ናችሁ፤ ማታ ግን ባዶ ቤት የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። እናንተም ጎረቤቶች፣ ሐሜቱን ትታችሁ ወንበር ተሸከሙ፣ ቀሚስ አውሱ።

ለዛሬ በዚህ አበቃሁ። የሻቩኦትን በዓል በሰላም፣ በጤናና በፍቅር ያሳልፍልን። ሰላም ሁኑ፤ ሻሎም።