አካፋውና ደብዳቤው
ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ዘወትር የሚነገረን የጄኔራሎቹ ስምና የታላላቆቹ ውጊያዎች ታሪክ ነው። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንደ መሆኔ መጠን ዛሬ የማተኩረው በጦር ሰፈሩና ወታደሩ ከዚያ ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው።

በባርነት ጉዳይ የተነሣው ይህ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 ሲካሄድ፣ ከሞቱት ወታደሮች ከሦስቱ እጅ ሁለቱን ያህል የፈጀው በሽታ እንጂ ጥይት አልነበረም። ምክንያቱን ለእናንተ ማብራራት አያሻኝም። በሺህ የሚቆጠር ጦር በአንድ ሜዳ ሰፍሮ የመጸዳጃውን ጉድጓድ ውሃ ከሚቀዳበት ወንዝ አጠገብ የቆፈረ እንደ ሆነ፣ ተቅማጥና ተስቦ ሳይጠሩ ይመጣሉ። በ1861 የተቋቋመው የንጽሕና ኮሚሽን መርማሪ እየላከ ስለ ውሃና ስለ ፍሳሽ ይመክር ነበር፤ ምክሩን የማይሰማ አዛዥ ግን አልታጣም።

ወታደሩ በብርዱ ወራት ከግንድ በሠራት ጎጆ ውስጥ ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ቴምብር ያጣ የሰሜን ወታደር በፖስታው ላይ «የወታደር ደብዳቤ» ከተባለለት ሂሳቡን የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ስለ ጭቃው፣ ጥርስ ስለሚፈታተነው ደረቅ ብስኩትና ስለ ዘገየው ደመወዝ ሳይሸፋፍን ይጽፋል።

አንዱ ደብዳቤ ግን ለቤተሰብ የተላከ አይደለም። ጸሐፊው አስር አለቃ ጄምስ ሄንሪ ጉዲንግ፣ ቀድሞ በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ይሠራ የነበረ፣ የ54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ጥቁር ወታደር ነው። ሬጅመንቱ ጁላይ 18 ቀን 1863 በሳውዝ ካሮላይና የዋግነርን ምሽግ በግንባር አጥቅቶ አዛዡን ኮሎኔል ሮበርት ሾውንና ብዙ ሰው አጣ። ምሽጉ በጥቃት አልያዝ ቢል ነገሩ ወደ አካፋ ዞረ። በሞሪስ ደሴት አሸዋ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት፣ መድፍ እየወረደ ቦይ እየተቆፈረ ወደ ምሽጉ ተጠጉ፤ የደቡብ ጦርም በሴፕቴምበር መጀመሪያ ለቅቆ ሄደ። የቁፋሮው ከባድ ድርሻ በጥቁሮቹ ወታደሮች ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር።

ለነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈል ለእነርሱ የተቆረጠላቸው 10 ዶላር ነው፤ ከዚያውም 3ቱ ለልብስ ይያዛል። መነሻው የ1862 ሕግ ሲሆን፣ ጥቁሩን በቅድሚያ ያሰበው ምሽግ ለሚቆፍርና የሰፈር ሥራ ለሚሠራ ጉልበት ነበር። እኛም በሥራ ግምታችን ላይ «ተራ ጉልበት» ብለን በአንድ መሥመር የምናልፋት ነገር ምን ያህል ኃይል እንዳላት ከዚህ ይታያል። ማሳቹሴትስ ልዩነቱን ልክፈል ብትልም ወታደሮቹ ቤተሰባቸው እየተቸገረ እንኳ እምቢ ብለው ያለ ደመወዝ አገለገሉ። ጉዲንግም በሴፕቴምበር 28 ቀን በቀጥታ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጽፎ፣ ወታደሮች ናቸው ወይስ የጉልበት ሠራተኞች የሚለው ነገር እንዲለይላቸው ጠየቀ። እኔን የሚያስደንቀኝ አጻጻፉ ነው፤ አክብሮቱ ሙሉ ሆኖ ልመና የለበትም።

በፌብሩዋሪ 1864 በፍሎሪዳ በኦለስቲ ውጊያ ቆስሎ ተማረከና ወደ አንደርሰንቪል እስር ሰፈር ተወሰደ። በዚያ 45,000 ያህል ምርኮኛ ታጉሮ 13,000 ያህሉ ሞቷል። በሰፈሩ መካከል የምታልፈው አንዲት ጅረት መጠጫም መጸዳጃም ነበረች። ጉዲንግ በጁላይ 19 ቀን ሞተ። ደመወዙን የሚያስተካክለው ሕግ ከወጣ ወር አልፎት ነበር።

ሕጉም ቋጠሮ አላጣም። ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ሙሉውን የሚያገኘው በኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነጻ ሰው የነበረ ብቻ ነው፤ በሬጅመንቱ ግን ከባርነት የወጡ ነበሩ። ስለዚህ ከሾው በኋላ አዛዥ የሆነው ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል የመሐላውን ቃል በብልሃት አዘጋጀው፤ ወታደሩ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያለ ዋጋ የሚሠራው የጉልበት ዕዳ እንዳልነበረበት ብቻ ይምላል። ማሉ፤ ገንዘባቸውንም በሴፕቴምበር 1864 መጨረሻ ተቀበሉ።